የቀትር ተቀማጮች ስለ ተቆለፈው የጎን በር

ለተከበሩ የቁምስናችን የአየር ንብረት ፍትሕና የማኅበረሰብ እንክብካቤ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ምስጋና ማቅረብንና አንድ በር ማስከፈትን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ ሙሉ ጤና፣ ለቤተሰብዎ ሰላም፣ ለቢሮዎ ማቀዝቀዣ ደግሞ የማይቋረጥ መብራት እመኛለሁ። እኛ በዚህ በኩል፣ ከመካከላችን ከጎደለው ከአንዱ በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ይህን «ደህና ነን» ያልኩትን ግን እባክዎ እንደ መረጃ አይመዝግቡብን፤ ለሰላምታ ያህል የተባለ ነውና።

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ ሠላሳ አንድ ዓመት በማዘጋጃ ቤት መዝገብ ቤት አገልግዬ ጡረታ የወጣሁ፣ በዚሁ ቁምስና ተክሊል የፈጸምኩና ልጆቼን ያስጠመቅኩ ምእመን ነኝ። ደብዳቤውን በአደባባይ ያወጣሁት በፖስታ አሽጌ ካቀረብኳቸው ሦስት ማመልከቻዎች ሁለቱ ፋይል ውስጥ ስለገቡ፣ ሦስተኛው ደግሞ መልስ ስላገኘ ነው፤ የትኛው እንደሚብስ አንባቢ ወደ ታች ሲወርድ ይፍረድ። ፋይል ውስጥ ስለገቡት አልቀየምዎትም። እኔም በዘመኔ የስንቱን ሰው አቤቱታ ቁጥር ሰጥቼ፣ ማኅተም መትቼ፣ በክብር አስተኝቼዋለሁ።

ለማያውቀን ሰው ማንነታችንን ባጭሩ ልናገር። ቤተ ክርስቲያናችን የድሮ ሰዎች በድንጋይ የሠሯት፣ የግድግዳዋ ውፍረት ከአንድ ክንድ የሚበልጥ ናት፤ ውጭው ሲፋጅ ውስጧ እንደ ጉድጓድ ውሃ ይቀዘቅዛል። ዙሪያዋን በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የምንኖረው ሰዎች፣ በተለይ ያረጀነውና የታመምነው፣ ሙቀቱ በየዓመቱ እየባሰ ከመጣ ወዲህ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ገደማ በጎን በሩ ገብተን እስከ ዐሥር ሰዓት እንቀመጥባት ነበር። ማንም አልጠራንም፤ ማንም አላደራጀንም፤ ሰብሳቢም መፈክርም አልነበረንም። ዐሥራ ሰባት ነበርን። ጡረተኛዋ አዋላጅ መቁጠሪያዋን እንደያዘች ታንቀላፋለች፤ ጫማ ሰፊው የገዛ ጫማውን አውልቆ እግሩን ድንጋዩ ላይ ያሳርፋል፤ ሁለቱ እህትማማቾች በሹክሹክታ ሲጣሉ ይውላሉ። ሰፈሩ «የቀትር ተቀማጮች» የሚል ስም አውጥቶልን ነበር፤ ስሙ ደግሞ አልከፋንም።

እኔ የምመጣው ባለቤቴን በተሽከርካሪ ወንበሯ እየገፋሁ ነበር። ልቧ ደካማ ነው። ሐኪሙ «ከኪኒኑ እኩል ቀዝቃዛ ቦታ ያስፈልጋታል፣ ይሄ ሙቀት ልቧን ያሮጥባታል» ብሎኛል። እኔ ልሰጣት የምችለው ቀዝቃዛ ቦታ ከቤታችን ሁለት መንገድ አልፎ ያለችው ቤተ ክርስቲያን ብቻ ነበረች። ስለዚህ ደብዳቤዬ ከዚህ በታች ስለ ምንም ነገር ቢያወራ የሚያወራው ስለ እሷ ልብ መሆኑን እንዲይዙልኝ አደራ እላለሁ።

ኮሚቴዎ ከተቋቋመ ወዲህ የወረደልንን በረከት በቁጥር አስቀምጣለሁ።

1ኛ. ስለ ቴርሞሜትሩ። ኮሚቴው ግንዛቤ ለማስጨበጥ ብሎ ለየቤታችን አንዳንድ ቴርሞሜትር አድሎናል፤ እግዚአብሔር ይስጥልን። ድሮ ባለቤቴ «ዛሬስ ባሰበት» ስትለኝ «ኧረ ከትናንቱ ይሻላል» እያልኩ እሸነግላት ነበር፤ አሁን መሸንገል ቀርቷል። ቤታችን አንድ ክፍል ነው፤ ያለችው አንዲት መስኮትም የምታየው የመለዋወጫ መደብሩን ግድግዳ ነው። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ጀምሮ ቆርቆሮው መንጣጣት ይጀምራል፤ ሰባት ሰዓት ላይ መሳቢያ ውስጥ ያለው ሻማ ይጎብጣል፤ የአልጋው ብረት አያስነካም። ቧንቧው በመጣ ቀን አንሶላ አርጥቤ እሰቅልላታለሁ፤ ባልመጣ ቀን በካርቶን አራግብላታለሁ። ቴርሞሜትሩ አርባ አንድ ይላል። እስከ ሃምሳ ድረስ የሚቆጥር መሆኑን ሳይ ኮሚቴው አርቆ አሳቢ እንደሆነ ተረድቻለሁ።

2ኛ. ስለ መጠይቁ። ባለፈው ዓመት ታብሌት የያዘች ጨዋ ሴት ልካችሁ እያንዳንዳችንን በቀትር ለምን እንደምንመጣ አስጠይቃችኋል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ በዕድሜዬ ሐሳቤን የጠየቀኝ መሥሪያ ቤት ይኸው የእናንተ ብቻ ነው። እዚህ ላይ ግን ጥፋቱ ከእኛው ይጀምራልና ልናዘዝ። ዐሥራ ሰባታችንም «ለጸሎት» አልናት።

ምን እንበላት? አዋላጇ የምራቷ ምድጃና የእሷ አልጋ አንድ ክፍል ውስጥ መሆናቸውን ብትናገር ምራቷን ማማት ይሆንባታል። ጫማ ሰፊው የሚሠራበት ጥግ ከአራት ሰዓት በኋላ ጥላ እንደሌለው ቢናገር የለመነ ይመስለዋል። ሰው በስተርጅናው፣ በእግዚአብሔር ቤት ቁጭ ብሎ፣ ልጁ ለምትሆን ሴት «የመጣሁት ለመቀዝቀዝ ነው» ብሎ በምን አፉ ይናገራል? ይሉኝታ የሚባል ነገር አለ፤ በመጠይቃችሁ ላይ ግን ለእሱ የተተወ ሳጥን አልነበረም። ደግሞ ውሸትም አይደለም፣ ከገባን ወዲያ እንጸልያለን።

ከሁሉ የከፋው የእኔ ነው። ሴትየዋ ባለቤቴ ዘንድ ስትደርስ ባለቤቴ እንደ እኔ አይደለችምና «ቤታችንማ…» ብላ ጀምራላት ነበር። እጇን ጫን አድርጌ ይዤ «ለጸሎት ነው የኔ ልጅ፣ እሷም ለጸሎት ነው» ብዬ አቋረጥኳት። ባለቤቴ ቀና ብላ አየችኝ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ያ ቃል ተመልሶ አልገባልኝም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ እኔ ግን የደበቅኩት የእሷን ነው።

3ኛ. ስለ ሪፖርቱ። በሚያንጸባርቅ ወረቀት ታትሞ በየመቀመጫው ላይ አግኝተነዋል። ገጽ ዐሥራ አራት ላይ «ከቀትር ተጠቃሚዎች መቶ በመቶው የሚመጡት ለመንፈሳዊ ዓላማ ነው፤ ከሙቀት ጋር የተያያዘ ፍላጎት አልተመዘገበም» ይላል። መቶ በመቶ በሆነ ነገር ውስጥ ስገኝ የመጀመሪያዬ ነው። ከዚያም ኮሚቴው በርኅራኄው አሰበልን፤ እነዚህ ደጋግ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ለመጸለይ ብለው በፀሐይ ከሚንገላቱ ጸሎታቸው ወደ አመሻሽ ዐሥራ ሁለት ሰዓት ይዛወርላቸው ተባለ፤ የቀትሩ ጊዜ ደግሞ ለአየር ንብረት ፍትሕ ሥልጠና ተሰጠ። ከሌሎች ቁምስናዎች የሚመጡ ሠልጣኞች ስላሉ ያልተመዘገበ ሰው አይገባም፤ ሥልጠና በሌለ ቀንም ፕሮጀክተሩና ሰሌዳው ውስጥ ስላሉ በሩ ይቆለፋል። ስለዚህ፣ ሙቀት በአረጋውያን ላይ ስለሚያደርሰው ጉዳት ቀዝቃዛው ውስጥ ይነገራል፤ አረጋውያኑ ውጭ ደረጃው ላይ ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ። ሠልጣኞቹ ለሻይ ሲወጡ ሹራባቸውን እያወለቁ «ውስጡ እንዴት ይበርዳል» ሲባባሉ ሰምቻለሁና፣ ጉንፋን እንዳይይዛቸው ወፈር ያለ ልብስ ይዘው እንዲመጡ በጥሪው ወረቀት ላይ ቢጻፍላቸው መልካም ነው እላለሁ።

4ኛ. ስለ ባነሩ። በጎን በሩ ፊት በሁለት ዘንግ የተወጠረው «ማንም ወደ ኋላ አይቀርም» የሚለው ባነር ከአምስት ሰዓት ተኩል እስከ ስድስት ሰዓት ተኩል ድረስ ለሁለት ሰው የሚበቃ ጥላ ይሰጣል፤ እጅ እንነሳለን።

5ኛ. ስለ ምክሩ። በየአጥሩ ላይ በለጠፋችሁት ማስታወቂያ «በቀትር ቀዝቃዛ ቦታ ይፈልጉ» ብላችሁ መክራችሁናል። ታዛዥ ነንና ፈለግን። ባለቤቴን እየገፋሁ ዋናው መንገድ ላይ ያለው ባንክ ገባሁ፤ አዳራሹ ገነት ነው። የወረፋ ቁጥር ወስደን እንቀመጣለን፤ ቁጥራችን ሲጠራ ተራችንን ለሌላ ሰው ሰጥተን ሌላ ቁጥር እንወስዳለን። የወረፋ ማሽኑ ያለ ስስት ቁጥር ሲሰጠን ሰነበተ። በአራተኛው ቀን ሥራ አስኪያጁ በትሕትና ቀርቦ «አባቴ፣ ምን እንርዳችሁ?» አለኝ። እውነቱን ልናገር ብልም ያ አመሌ መቼ ይለቀኛል፤ «ሒሳብ ልንከፍት እያሰብን ነው» አልኩት። «በጣም ጥሩ፣ መታወቂያዎን ይስጡኝ» አለ። መታወቂያዬን ቤት ረስቼው መጣሁ ብዬ ባለቤቴን እየገፋሁ ወጣሁ፤ ተመልሼ ለመሄድ እስካሁን ፊት አላገኘሁም። ደጃችን ስንደርስ ባለቤቴ «አንተ ሰውዬ ለአንድ ቀን እንኳ ሞቀኝ ብትል ምን ይቀርብሃል?» አለችኝ።

6ኛ. ስለ ዘበኛው። የቤተ ክርስቲያኗ ዘበኛ ሆድ የባሰው ሰው ሲያይ ስለማያስችለው ለዘጠኝ ቀን በዕቃ ቤቱ በኩል በድብቅ አስገብቶን ነበር። ከመንበሩ ጀርባ፣ ከመጋረጃው ኋላ ተደርድረን እንቀመጣለን፤ ፊት ለፊት አሠልጣኙ ይናገራል። «እንዳታስሉ፣ እንዳታስነጥሱ» ብሎ አስጠንቅቆናል፤ ማንኮራፋት መኖሩን ግን ዘነጋው። በዘጠነኛው ቀን አሠልጣኙ «ድምፅ ለሌላቸው ወገኖቻችን» ብሎ ንግግሩን ገታ ባደረገበት ቅጽበት አዋላጇ ድምፅዋን አሰማች። ሠልጣኞቹ ሳቁ፤ እኛም ከመጋረጃው ጀርባ ሳቅን፤ ባለቤቴ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ከዚያ ወዲህ እንዲያ ስትስቅ አላየኋትም። በማግስቱ ዘበኛው የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሰው፤ የዕቃ ቤቱም ቁልፍ ተቀየረ። አሁን ሲያየን አንገቱን ይደፋል። ማስጠንቀቂያው ከማኅደሩ እንዲወጣለት እለምናለሁ፤ ወረቀት ከማኅደር እንዴት እንደሚወጣ ካላወቃችሁ መጥቼ አሳያችኋለሁ፣ ሙያዬ ነው።

7ኛ. ስለ ጫማ ሰፊው። እዚህ ላይ ቀልዱ አይመጣልኝም። በሩ ከተቆለፈ በኋላም በየቀትሩ እየመጣ ደረጃው ላይ ይቀመጥ ነበር፤ «አንድ ቀን ይከፍቱታል፣ ሲከፍቱት ቦታዬን ሌላ ሰው እንዳይዝብኝ» ይላል። አንድ ሐሙስ ስምንት ሰዓት ላይ በሩን ተደግፎ ስናየው የተኛ መስሎን ተውነው፤ እንቅልፍ ካገኘማ ይተኛ ተባባልን። ዐሥር ሰዓት ላይ አዋላጇ ልትቀሰቅሰው ሄደች። እጁን ይዛ ብዙ ቆየች፤ ከዚያ ዞራ አየችን። ኮሚቴው በማግስቱ ሥልጠናውን በአንድ ደቂቃ የኅሊና ጸሎት መክፈቱን ሰምተናል፤ እኛም ከውጭ ሆነን ደቂቃዋን አብረናችሁ ቆመናል። በሩብ ዓመቱ ሪፖርት ላይ «የአንድ ምእመን ዕረፍት፣ በዕድሜ ምክንያት» ተብሎ ተጽፏል። ዕድሜው ስድሳ ስምንት ነበር። እኔ ሰባ ሦስት ነኝ፤ ባለቤቴ ሰባ።

8ኛ. ስለ መልሱ። ከቀብሩ በኋላ ዐሥራ ስድስታችን ፈርመን፣ «የመጣነው ለመቀዝቀዝ ነበር፣ ያን ጊዜ አፍረን ነው፣ መጠይቁ ይታረምልን» ስንል ላቀረብነው ማመልከቻ መልስ ሰጥታችሁናል። «የመረጃ መሰብሰቢያው ጊዜ የተዘጋ ስለሆነ ሐሳባችሁ ከሁለት ዓመት በኋላ በሚካሄደው ዳሰሳ ላይ ይካተታል» ይላል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። ሁለት ዓመት ለኮሚቴ ምኑም አይደል፤ ሁለት ስብሰባ ነው። ሐኪሙ ግን ባለፈው ሳምንት ባለቤቴን መርምሮ «እንግዲህ ይህን በጋ ከተሻገረች…» አለና ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ መነጽሩን መወልወል ጀመረ። እግሮቿ አብጠዋል። ጋደም ስትል ትንፋሽ ያጥራታልና ቀንም ሌትም የምታርፈው ተቀምጣ ነው።

ያላንኳኳሁት በር ቀርቷል እንዳይባል ቆሞሳችን ዘንድም ሄጃለሁ። አባ ደግ ሰው ናቸው፤ አርጅተዋል፤ እሳቸውም ኮሚቴ ይፈራሉ። «ልጄ፣ ቁልፉ እኮ እኔም ጋ የለም» አሉኝ። ከዚያ የባለቤቴን ጤና ጠየቁኝ። እኔም «ደህና ናት አባ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አልኳቸው። ከግቢው ወጥቼ መንገዱ መሐል ቆሜ ራሴን ረገምኩ። ሰው እንዴት እየተቃጠለ ደህና ነኝ ይላል? ይላል፤ ይኸው እኔ እላለሁ። እናንተም ይህን ይሉኝታ የምታውቁ የአንድ አገር ልጆች ሆናችሁ ሳለ እንዴት ቃላችንን ብቻ ይዛችሁ ሄዳችሁ? የገዛ እናታችሁ «ምንም አልሆንኩም» ስትላችሁ አምናችኋት ታውቃላችሁ?

እንግዲህ የምለምነው ይህን ብቻ ነው። የጎን በሩ ከአምስት ሰዓት እስከ ዐሥር ሰዓት ይከፈት። ሌላ ምንም አንፈልግም፤ ሻይም ስብከትም ፎቶግራፍም አይሰናዳልን። ፕሮጀክተሩን ከሌባ እንጠብቃለን፤ አዋላጇንም በየተራ እንቀሰቅሳለን። ሥልጠናው ላይ ስለ አረጋውያን ምሳሌ ካነሳችሁ ደግሞ እኛ ከኋላ መደዳ አለን፣ ዞር ብሎ ማሳየት ይቻላል።

እንደማይሆን አውቃለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት መዝገብ ቤት የተቀመጠ ሰው የትኛው ማመልከቻ እንደሚፈጸም ወረቀቱ ሲታጠፍ አይቶ ይለያል፤ የእኛ ነገር ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ነው። በጋው ሊያልቅ ገና ሁለት ወር ይቀረዋል። ታዲያ ለምን ትጽፋለህ ቢሉኝ፣ ያን ቀን እጇን ይዤ ያቋረጥኩትን ዓረፍተ ነገር አሁን እንኳ ልጨርስላት ብዬ ነው። ቤታችንማ ይፋጃል። ባለቤቴ ትመጣ የነበረው ለመቀዝቀዝ ነው። ይህን ያኔ ብትናገር ኖሮ ገጽ ዐሥራ አራት ላይ መቶ በመቶ የሚል አይጻፍም ነበር፤ እንዳትናገር ያደረግኳት ደግሞ እኔ ነኝ። ለዚህ ለእኔ ጥፋት የሚሆን ቁጥር ስላጣሁለት ከዝርዝሩ ውጭ ትቼዋለሁ።

ለፍትሕ ስለምትደክሙት ድካም፣ ስለ ቴርሞሜትራችሁ፣ ስለ ባነራችሁ ጥላና ስለ አንድ ደቂቃችሁ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሳሁ፣ ላብ ያራሰው ወረቀቴ ፊደሉ ቢደበዝዝ ይቅርታ እየጠየቅኩ፣ ከአክብሮት ጋር እሰናበትዎታለሁ።

ከመቶ በመቶው አንዱ የሆንኩት፣
የመዝገብ ቤቱ ጡረተኛ

ግልባጭ፦
ለቆሞሳችን፣ ለጸሎታቸው
ለፕሮጀክተሩ፣ ውስጥ ስላለ
ለፋይል

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ አንብቤላት ስጨርስ ባለቤቴ የምታክለው ነገር እንዳላት ነገረችኝ፤ በዚህ ጊዜ አላቋረጥኳትም። የጫማ ሰፊው አስከሬን ለፍትሐት የመጣ ዕለት የጎን በሩ ሳይቀር ወለል ብሎ መከፈቱን አይታ ኖሯል። ስለዚህ የእሷም ፍትሐት ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ እንዲሆንላት፣ የቀረነው ዐሥራ አምስታችንም ከፊት መደዳ እንድንቀመጥ እንዲፈቀድልን በትሕትና ትለምንዎታለች። ዕድሜዋን ሙሉ ስብከት ረዘመ እያለች ስታጉረመርም የኖረች ሴት ናት፤ የዚያን ቀን ግን አባ በምንም ምክንያት እንዳያሳጥሩ አደራ ብላለች።